ከሁሉም የቀለለው ሳይለንሰር

ስለ ጠመንጃ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከፊቱ አለመቆም። እሱንም ማንም አላስተማረኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ፣ ለአደን ጠመንጃ የሚሆን ድምፅ ማፈኛ፣ ሳይለንሰር የሚሉትን፣ ሊያስመርጥ ቨርጂኒያ የወረደው። ምን ወሰደህ አትሉኝም? ሴት ናታ፣ ሌላ ምን ይወስደኛል።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ኤሲ መጠገን ነው፤ ሰመር በመጣ ቁጥር ሰው እንዲቀዘቅዝለት እኔ ጣሪያ ሥር እቀቀላለሁ። ከሕሊና ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሞልቶናል። ሕሊና አሌክሳንድሪያ ከእናት ከአባቷ ጋር ትኖራለች፣ ሆስፒታል ላብ ውስጥ ነው የምትሠራው። በስድስት ዓመቷ ስለመጣች ስትቆጣኝ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስታባብለኝ በአማርኛ። እናቷ እትዬ አስካለ ይወዱኛል፤ በሄድኩ ቁጥር ሳልበላ አያስወጡኝም። ችግሬ አባቷ ነበሩ።

ጋሽ በላቸው ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። እኔን አይወዱኝም ነበር። በምን አወቅክ ካላችሁኝ፣ ሰላምታዬን አይመልሱም። ቤታቸው እገባለሁ፣ ወገቤን ሰበር፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ እንዳሳደጉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ "እንደምን ዋሉ ጋሼ" እላለሁ። እሳቸው ቴሌቪዥን ያያሉ። አንዳንዴ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ ያዩኝና ተመልሰው ወደ ዜናቸው። ገበታ ላይ ሁሌ ከጎናቸው ነው የሚያስቀምጡኝ፤ "ውሃ ልቅዳልዎ?" እላለሁ፣ ዝም። እኔም ድፍረት አብዝቼ ይሆናል ብዬ ድምፄን ይበልጥ ዝቅ አደረግኩ፣ አንገቴንም ይበልጥ ደፋሁ። እሳቸውም ባሱ።

ሕሊናን ሳማርር "አባዬ እንደዛ ነው፣ ዶንት ቴክ ኢት ፐርሰናሊ" ትለኛለች። ሰላም የተነፈገው እኔ፣ ፐርሰናሊ የሚወስደው ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው ሽማግሌ ለመላክ የቆረጥን ጊዜ ነው። ቀኑ እሑድ ሆነ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ለምኜ አዘጋጅቻለሁ። ሕሊና ግን አባቷ እምቢ ካሉ እንደማታገባኝ ቁርጡን ነግራኛለች። "እወድሃለሁ፣ ግን አባቷን የምታሳዝን ልጅ አልሆንም፣ ሶሪ" ነው ያለችኝ። ስለዚህ የእኔ ትዳር ያለው ሰላም በማይሉኝ ሰውዬ አፍ ላይ ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ሐሙስ ኮል አደረገችኝ። የአባቷ መኪና መካኒክ ጋ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ መሄድ ይፈልጋሉ፣ ኤርሚያስ፣ እኔን ማለቷ ነው፣ ይውሰድህ ብዬዋለሁ አለችኝ። ምን አሉ ስላት "ይውሰደኝ" ነው ያሉት። ፊታቸውስ አልኳት። ፊቱማ ያው ፊቱ ነው አለች። እንግዲህ ከሽማግሌው አንድ ቀን በፊት ከጋሽ በላቸው ጋር ለብቻችን፣ ያውም ጠመንጃ ባለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ደጃፍ ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ። መልስ የለም። ጠመንጃውን በሳጥኑ ከኋላ አስቀምጠው ከጎኔ ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ እንደሄድን ግን አንድ የማላውቀው ነገር ሆነ፤ ጋሽ በላቸው ያወራሉ። መልስ አይጠብቁም እንጂ ያወራሉ፣ ያውም እንደ ወንዝ።

አደኑን የጀመሩት በታክሲ ደንበኛቸው በኩል ነው። አንድ ነጭ ገበሬ ነበር፤ አጋዘን እርሻውን እየበላ ስላስቸገረው በየኅዳሩ መጥተህ አድንልኝ አላቸው። ሃያ ምናምን ዓመት እዚያ አድነዋል። ዘንድሮ ግን የገበሬው ሚስት ፈረሶች ገዛች። ፈረሶቹ በተኩሱ እየደነበሩ አጥር ስለሚሰብሩ ሰውዬው ያለ ሳይለንሰር አትምጣብኝ አላቸው። ስለዚህ የሚገዛው ዕቃ ጸጥ ያለ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነው፤ ይኼኛውን ሲነግሩኝ ጣታቸውን እያወዛወዙ ነው። "አጋዘን በጥይት ከሞተ በክት ነው። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ ማረድ አለብህ። አለበለዚያ አስካለ ድስቷን አታስነካኝም።" እናም ጋሽ በላቸው ይተኩሳሉ፣ ጥይቱን ያወጣሉ፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ቢላቸውን ይዘው ይሮጣሉ። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው። ጠመንጃውን ለምን አስቀምጠው አይሮጡም የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ እሳቸው ግን ቀደሙኝ። ጠመንጃውን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚሮጥ ሰው ሰው አይባልም አሉ። አምና ሁለት ጊዜ አርፍደው ደርሰው ሁለቱንም ለገበሬው ትተው ተመልሰዋል። ይኼ በጣም ነው የቆጫቸው። አሁን አፈሙዙ ላይ ሌላ ብረት ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ አልደርስም ብለው ፈርተዋል፤ ስለዚህ ጸጥ ያለም ቀላልም ነው የሚፈልጉት።

እኔ መሐል ላይ አንድ ሁለቴ በጨዋ ድምፄ ጥያቄ ጠየቅሁ። እንዳልተጠየቀ ሰው መስኮቱን እያዩ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ዋጥ አድርጌ ነዳሁ።

ተኩስ ሜዳው ላይ ዳና የምትባል፣ አጭር፣ ሽበቷን ወደ ኋላ የጠቀለለች ሴትዮ ተቀበለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሳይገዛ በፊት ሰምቶ እንዲመርጥ ታደርጋለች። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳይለንሰር ደረደረችና ማስረዳት ጀመረች። ፊልም ላይ የምታዩትን እርሱት፣ ጨርሶ ድምፅ የሌለው የለም፣ የትኛውንም ብትገዙ ጆሯችሁን መሸፈን አለባችሁ አለች። አጭሩ ቲታኒየም ነው፤ በጣም ይቀላል፣ ግን ከሦስቱ የሚጮኸው እሱ ነው። ረዥሙ ከባድ ነው፣ ግን ጸጥታው ሌላ ነው። መካከለኛው በሁለቱም መካከለኛ። ቀላልም ጸጥተኛም አንድ ላይ አይገኝም፣ አንዱን ለማግኘት ከሌላው ትንሽ ትሰጣላችሁ። ጋሽ በላቸው በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል፣ ስለዚህ ሁሉም የገባቸው መሰለኝ።

ከዚያ ዳና እናንተ ከኋላ ቁሙና ስሙ፣ እኔ እተኩሳለሁ አለች። ልዩነቱን እንድታውቁት መጀመሪያ ምንም ሳልገጥምበት ባዶውን፣ ቀጥሎ ሦስቱን በየተራ። ይኼን ያለችው ጀርባዋን ሰጥታን ወደ መተኮሻው እየሄደች ነው። ጆሯችን ውስጥ ስፖንጅ ጠቀጠቅን፣ በላዩ መከለያ ደፋን። ጋሽ በላቸው እኔ አያስፈልገኝም ብለው ነበር፣ ሕግ ነው ብላ ራሷ አጠለቀችላቸው።

የመጀመሪያው ሲፈነዳ በስፖንጁም በመከለያውም አልፎ ደረቴን መታኝ፣ ዘለልኩ። ጋሽ በላቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ወይ ወንድነት አልኩ በሆዴ። ሁለተኛው ተሻለ፣ ሦስተኛው ይበልጥ ተሻለ፣ አራተኛው በር ገጭ ያለ ያህል ብቻ ነበር። ጨረስንና መከለያውን አወለቅን። ዳና የትኛው ተስማማህ ስትል ጋሽ በላቸው ምንም አላመነቱም።

"አንደኛው" አሉ።

"አንደኛው፣ ጋሼ?" አንድ ጣቴን አሳየኋቸው።

"አዎ፣ አንደኛው። ከሁሉም ጸጥ ያለው እሱ ነው። ስታነሳው አይቻታለሁ፣ በጣም ቀላል ነው፤ ጠመንጃው ላይ ያለም አይመስል።"

ዳና አየችኝ። እኔም አየኋት። "አንደኛው ላይ ምንም አልነበረም፣ ባዶ ጠመንጃ ነው" አለች በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጥርት አድርጋ። ጋሽ በላቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞረው "ሺ ኖውስ" አሉኝ። ምርጫቸውን ያደነቀችላቸው መስሏቸው ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውዬው አይሰሙም። ጠመንጃ ሳይሆን መድፍ ቢተኮስ ያው ነው። አሳዘኑኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። እንግዲህ ምን ልበል? ነገ ሽማግሌ የምልክባቸውን አባት፣ ባዕድ ሴት ፊት ቆሜ "ጆሮዎ አይሰማም" እላለሁ? እሱን ብዬ ሕሊናን አገኛለሁ? ዝም ካልኩ ደግሞ ምንም የሌለበትን አንደኛ ብለው፣ በዚያው ባዶ ጆሯቸው ኅዳርን ሙሉ ሊተኩሱ ነው፤ የተረፈቻቸው ጆሮም ትሄዳለች። ስጨነቅ አፌ ላይ የመጣውን ውሸት ተናገርኩ።

እጄን እያወራጨሁ "አንደኛው የለም፣ አልቋል" አልኳቸው። ከእጄ ነው የተረዱት።

"አልቋል?" አዘኑ። "ጥሩ ነገር መቼም አይቆይም። ግዴለም፣ እናዝዛለን፣ እጠብቃለሁ።" ከኪሳቸው ወረቀትና ስክሪብቶ አወጡ። "የዕቃውን ስም አስጽፍልኝ። የሠራውን ፋብሪካም።"

ይኸውላችሁ፣ የሌለ ዕቃ ስም ላስጽፍ ወረቀት ይዤ ዳና ጋ ሄድኩ። ጉዳዩን በሹክሹክታ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። እንዲህ ያሉ አዛውንት አዳኞች ብዙ ይመጣሉ አለች፤ ወጣት ሆነው ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ የተኮሱ። በቀኝ እጁ ነው የሚተኩሰው? አለችኝ። አዎ ስላት፣ እንግዲያው የባሰው ግራ ጆሮው ነው፣ ለአፈሙዙ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ አለች። ከዚያ ሌላ መከለያ አለኝ፣ ላምጣለትና በእሱ እንሞክር ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች።

እናንተ አሁን ሁሉም ነገር ገብቷችኋል፣ አይደል? ገበታ ላይ የሚያስቀምጡኝ በግራቸው ነው። መኪና ውስጥ ግራ ጆሯቸው ወደ እኔ ነበር። እኔ ግን ፍርሃት ይዞኛልና ምኑም አልታየኝም። የማስበው የነገውን እሑድ ብቻ ነው።

ለእረፍት ተኩሱ ቆሟል፣ ሜዳው ጭር ብሏል። ጋሽ በላቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ ትቼ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ አልኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ለሕሊና ደወልኩ። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ነው የማወራው።

"ሕሊና፣ አባትሽ አይሰሙም" አልኳት።

"እና? መቼ ሰምቶ ያውቃል" አለች።

እንደዛ አይደለም፣ ጆሯቸው ነው አልኳት። ባዶውን ጠመንጃ ጸጥ ያለ ነው ብለው እንደመረጡ፣ እኔም አልቋል ብዬ እንደዋሸሁ ነገርኳት።  "ስልክ የማያነሳው ለዛ ነው" አለች፣ ድምፅዋ ተለውጧል።

"አሁን ምን ላድርግ?" አልኳት። "እውነቱን ልነግራቸው አልችልም። ድሮም ጠልተውኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም ስላቸው እንደ ውሻ ነው የሚያዩኝ። አሁን አዋረደኝ ብለው ነገ ሽማግሌዎቼን ከበር ቢመልሷቸው እኔ አበቃልኝ። ዝም ብል ደግሞ ጆሯቸው ሲጠፋ እያየሁ ነው። እሳቸው ቢጠሉኝም እኔ አልጠላቸውም።"

ከኋላዬ "ማን ነው የጠላህ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ዞርኩ። ጋሽ በላቸው ከወንበሩ ተነስተዋል። ጆሯቸው ላይ ትልቅ አረንጓዴ መከለያ ተደፍቷል። ዳና ከጎናቸው ቆማ አውራ ጣቷ አሁንም መከለያው ላይ ያለች አንዲት መዘውር ላይ ነው። ለካ ይኼኛው ባትሪ ያለው ነው፤ ተኩሱን አፍኖ ሰው ሲናገር ግን አጉልቶ የሚያሰማ። እሷ ደግሞ መዘውሩን እስከ መጨረሻው አዙራዋለች። አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተውኛል። ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ።

"ጋሼ፣ እኔ..."

"ማን ነው አልኩህ። ሁለት ዓመት ቤቴ ስትገባ ስትወጣ አንድ ቀን እንደምን ዋሉ ብለኸኝ ታውቃለህ? መሬት መሬት እያየህ አፍህን ታነቃንቃለህ። አስካለን ይኼ ልጅ ይጸልያል ወይስ ይረግመኛል ብዬ ጠይቄያታለሁ። ምን ዓይነት ኩራተኛ ነው፣ እንዴት ብዬ ልጄን እሰጠዋለሁ ስል ነው የከረምኩት።"

"እል ነበር፣ ጋሼ" አልኩ። "በመጣሁ ቁጥር እል ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።"

"ለምን ዝቅ ታደርጋለህ?"

"አክብሬዎት ነዋ።"

 እጃቸውን አንስተው መከለያውን ነካ አደረጉት፣ ወልቆ እንዳይሆን የፈሩ ይመስል። ከዚያ "እስቲ አሁን በለኝ" አሉ።

ወገቤን ሰበር አደረግኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ድምፄን አልጨመርኩም፣ እንደ ሁልጊዜው ነው ያወጣሁት። "እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። "እንደምን ዋልክ፣ ልጄ።"

አለቀስኩ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ጣሪያ ሥር አርባ ዲግሪ ሙቀት ችዬ የምውል ሰውዬ ተኩስ ሜዳ መሐል ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት የለመንኳት ሰላምታ ናት። ዳና ምን እንደተባባልን አንድም ቃል አልገባትም፣ ግን ፊቷን አዙራ ጥይት የምትቆጥር መሰለች።

ጋሽ በላቸው ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገብተዋል። ኪስህ ውስጥ የሚንኳኳው ምንድን ነው አሉኝ። ቁልፍ ነው አልኳቸው። ቅጠሉን በጫማቸው ፈትገው አዳመጡት፣ ደግመው ፈተጉት። ከዚያ እያዩኝ ሳይሆን ዛፎቹን እያዩ ተናገሩ። ታክሲውን የተዉት ደክሟቸው አልነበረም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚሄድበትን ሲነግራቸው መስማት አቃታቸው፣ ኤርፖርት የሚሄደውን ሌላ ቦታ ወስደው በረራ አሳለፉበት፣ ሰውዬው ሰደባቸው፣ ስድቡን ግን ሰሙት። በሳምንቱ ጡረታ ወጣሁ ብለው ለቤተሰቡ ነገሩ። ለእትዬ አስካለ እንኳ እውነቱን አልነገሩም። "አረጀ ብለው ይንቁኛል ብዬ ነው" አሉ። "ዝም ማለት ይሻላል፤ ዝም ያለ ሰው የሚያስብ ይመስላል።"

ለካ ስልኩን አልዘጋሁትም። ከእጄ ውስጥ የሕሊና ድምፅ መጣ፣ እያለቀሰች ነው የምትጮኸው። "አባዬ፣ ሰኞ ዶክተር ጋ እንሄዳለን። ኖ አርጊውመንት።"

ጋሽ በላቸው ስልኩን አዩት። "ይቺ ልጅ ድሮም እንዲህ ነው የምትጮኸው?" አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ነው አልኳቸው። "እኔ እኮ ጭምት ናት እያልኩ ነው ለሰው የማወራው" ብለው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አሁን ያንን አንደኛውን በደንብ ልስማው አሉ። አንድ የቀረኝ ዕዳ ነበር፤ ተናዘዝኩ። አንደኛው ላይ ምንም አልተገጠመበትም፣ አልቋል ያልኩት ውሸቴን ነው አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ መከለያው ወደ አንገታቸው ወረደ። "ጠመንጃው ላይ ያለም አይመስል" ያሉትን እየደጋገሙ ነው የሚስቁት።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። አሁን እንደ ዳኛ ነው የሚሰሙት። ራሳቸው ተኮሱ። አጭሩን ቲታኒየም ሲሞክሩት ክብደቱን ወደዱት፣ ድምፁን ሲሰሙ ግን ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደዱ። መካከለኛውን ሁለቴ ተኮሱና ወደ ጎን አደረጉት። በረዥሙ አንዴ ተኩሰው ቆዩ። ደግመው ተኮሱ። "ይኼን ፈረሶቹም ይችሉታል" አሉ። ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው አንስተው መዘኑት፣ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው አሥር እርምጃ ያህል ሄዱ፣ ተመለሱ። ከብዷቸዋል። በረዥሙና በአጭሩ መሐል ዓይናቸው ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሰ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ እግር ላይ አረፈ።

"ትሮጣለህ?" አሉኝ።

"እንዴት?"

"መሮጥ ትችላለህ ወይ ነው የምልህ። ዳገት፣ ጭቃ።"

"እሮጣለሁ፣ ጋሼ።"

"በስመ አብ ብለህ አርደህ ታውቃለህ?"

"በግ አውቃለሁ።"

"በግ ይበቃል" ብለው ወደ ዳና ዞሩና በታክሲ እንግሊዝኛቸው አዘዙ። "ከባዱን አድርጊልኝ። ከእንግዲህ የሚሮጥልኝ ሰው አለ።"

ዳና ስለ ሳይለንሰር የተወራ መስሏት ጥሩ ምርጫ ነው አለች። እኔ ግን ምን እንደተባልኩ ገብቶኛል። ፎርሙን ሲሞሉ፣ አሻራ ሲሰጡ፣ ዕቃው የሚወጣው መንግሥት ሲፈቅድ ነው ስትላቸው፣ እኔ ከጎናቸው ቆሜ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግ ብያለሁ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረው፣ ቀኝ ጆሯቸውም እንዲሰማ አድርገው ነው የተቀመጡት። እኔም እንደ ታክሲ ረዳት እየጮህኩ አወራኋቸው። ቤታቸው ስንደርስ ሳይወርዱ በፊት አንድ ነገር አዘዙኝ። ሽማግሌዎችህ በቀኜ በኩል ይቁሙ፣ ድምፃቸውንም ያውጡ አሉኝ።

አሁን ዓመት አለፈው። ጋሽ በላቸው ዊተን ያለ ሐኪም ጋ ተመርምረው ሁለት ትንንሽ ማዳመጫ ጆሯቸው ውስጥ ገብቷል። ከድሮ ይልቅ ይጨቃጨቃሉ፣ ምክንያቱም አሁን የምንለውን ይሰማሉ። ኅዳር ላይ ሮጫለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ወድቄ ጫማዬን ትቼ ደርሻለሁ፣ ግን ደርሻለሁ። እትዬ አስካለም ድስታቸውን ጥደዋል።

እኔን የለወጠኝ ግን ሩጫው አይደለም። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ሰው ዝም ካለኝ ጠላኝ ማለት ነው ብዬ ነበር የምደመድመው። አለቃዬ ዝም ሲለኝ፣ ወንድሜ ሲዘጋኝ፣ ጎረቤት ሲያልፈኝ፣ ሁሉንም በሆዴ ከስሼ፣ በሆዴ ፈርጄ ነው የምኖረው። አሁን እጠይቃለሁ። አሳፋሪ ቢሆንም እጠይቃለሁ። እናንተም ሰላም የማይላችሁ አማት፣ የማይመልስላችሁ አዛውንት ካለ፣ እስቲ አንድ ጊዜ በሌላኛው ጎናቸው ዞራችሁ፣ ቀና ብላችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ሞክሩ። አክብሮት ማለት አለመሰማት የመሰለኝ እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ዓመት ዋጋ አስከፍሎኛል። ደግሞ የምትተኩሱ ካላችሁ ጆሯችሁን ሸፍኑ።

የእሑዱን ሳልነግራችሁ ልሄድ ነው እንዴ? እኔ አልነበርኩም፣ ሙሽራ አይሄድም፤ ማእድ ቤት ሆና የሰማችው ሕሊና ናት የነገረችኝ።

ቅዳሜ ማታውን ለሽማግሌዎቼ ደውዬ በቀኝ በኩል ቁሙ፣ ጮክ ብላችሁም ተናገሩ ብያቸው ነበር። የሽማግሌዎቹ አለቃ በልትስቪል የሚኖሩት አቶ ወርቁ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ "ልጅ ልንለምን ነው ወይስ ልንጣላ?" ብለው ተቆጡኝ። ቢሆንም ታዘዙ። እንደ ወጉ ሦስቱም አልቀመጥም ብለው፣ ቆመው፣ እየጮሁ ነው የለመኑት። ጩኸቱ ሲበረታ ጎረቤትየዋ ሰላም ነው ወይ ብላ በር አንኳኳች። እትዬ አስካለ ሰላም ነው ብለው ሳህን ሙሉ ምግብ አስይዘው መለሷት።

ወግ እንደምታውቁት መጀመሪያ ቀን መልስ የለም። እንመካከር፣ ቆይታችሁ ተመለሱ ነው የሚባለው። ሁሉም የጠበቀው እሱን ነው። ጋሽ በላቸው ተነሱ።

"ይኼ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ መልስ አላገኘም" አሉ። "ሌላ ቀጠሮ ብሰጠው ግፍ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ ተቀመጡ። ያን ጊዜ አቶ ወርቁ ወደ ጎናቸው ዘንበል ብለው "ምን አለ?" ሲሉ ሕሊና ማእድ ቤት ሆና ሰማቻቸው። ሰው መሳቅ ሲጀምር ጋሽ በላቸው አልሳቁም። ወንበራቸውን አንስተው ዞሩና በአቶ ወርቁ ሌላኛው ጎን ተቀመጡ። እጃቸውን ያዙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቀስ ብለው ደገሙላቸው።

"ልጄን ሰጥቻለሁ።"